ከጀርባ የመጣ እጅ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ መርዕድ፣ ትርሲት ጥያቄዋን ጨርሳ አፏን ሳትገጥም።

ጋሽ መርዕድ የኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ናቸው፤ ጠጉራቸው ሸብቷል፣ ድምፃቸው ግን ከሜዳ ሜዳ ይሰማል። ትርሲት ከቡድኑ ተከላካዮች አንዷ ናት። ከሰዓት በኋላ በነበረው ጨዋታ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጋሽ መርዕድ ከሜዳው ዳር ሆነው «ፋውል ሥሩ!» ብለው ጮኹ። ትርሲት ወደ ቅርጫቱ ትሮጥ የነበረችውን የተቃራኒ ቡድን ልጅ ከኋላዋ ደርሳ ወገቧን አቅፋ አስቀረቻት። ዳኛው ነፋ። ሁለት እጁንም ከራሱ በላይ አንሥቶ አመሳቀለ፤ ይህ ከተራ ፋውል የከበደ ጥፋት ምልክት ነው። ለልጅቷ ሁለት ነጻ ውርወራ ተሰጣት፤ ከውርወራው በኋላ ደግሞ ኳሱ ለእነሱው ተመለሰ። ጋሽ መርዕድ ትርሲትን አስወጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ ጨዋታውም በሽንፈት አለቀ።

አሁን ሰው ሁሉ ሄዶ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። ትርሲት ልብሷን ቀይራ ማሊያዋን በእጇ ጠቅልላ ይዛለች።

«ጋሼ» ነበር ያለችው፣ «ፋውል ሥሩ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ሠራሁ። እርስዎ ያዘዙትም ሆን ተብሎ ነው፣ እኔ የሠራሁትም ሆን ተብሎ ነው። ታዲያ አንዱ ዘዴ፣ ሌላው ነውር የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ይህን ካልነገሩኝ የቅዳሜውን ጨዋታ አልጫወትም።»

ጋሽ መርዕድ ኳሶቹን የያዘውን መረብ መሬት አስቀመጡና ከተመልካቾች መቀመጫ ደረጃ ላይ አረፍ አሉ። እሷንም በእጃቸው እንድትቀመጥ አመለከቷት። ከዚያ የጀመሩትን ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ። በአንድ የመምህራን ኮሌጅ ይማር ነበር፤ ለኮሌጁም ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ክንዱ ደግሞ ለቁመቱም ይረዝማል። የታዘዘውን ነገር ከልኩ አሳልፎ የሚፈጽም ሰው ነበር። ውኃ አምጣ ቢሉት ወንዙን ጠልፎ የሚመጣ ዓይነት። አሠልጣኙ ይህን ጠባዩን ያውቃልና፣ ተቃራኒው ቡድን ውስጥ የሚያስቸግር ጎበዝ ሲኖር ወደ ሰውዬው ዞሮ «ያ ያንተ ነው» ይለዋል። ሰውዬውም ያንን ጎበዝ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ አይለቀውም፤ ውኃ ሊጠጣ ቢወጣ እንኳ ከመስመሩ ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል።

በዚያው አገር ሌላ ኮሌጅ ነበረ። እዚያም አንድ አጭር ሰው ይጫወት ነበር። አጭሩ ሰው ኳስ ሲያነጥር ኳሷ ከመዳፉ ጋር በላስቲክ የታሰረች ትመስላለች። ወደ ቅርጫት ሲሮጥማ ሌላ ነው። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ከቅርጫቱ ሳይነቅል፣ ከፊቱ ሰው ይኑር አይኑር ግድ የሌለው መስሎ ይበራል። ሰው እሱን ብሎ ይመጣ ነበር። የሌላ ኮሌጅ ደጋፊ የሆነ ሰው ሳይቀር «ይሸነፉ እንጂ እሱስ ያግባ» ይል ነበር።

ሁለቱ ኮሌጆች በዓመቱ ትልቅ ጨዋታ ተገናኙ። አሠልጣኙ እንደ ልማዱ አጭሩን ሰው አሳየና «ያ ያንተ ነው» አለ።

ሰውዬው ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ተከተለው። ፋውልም ሠራበት። ኳሱን ሊነጥቅ እጁን ይሰድዳል፣ ኳሱን ስቶ ክንዱን ይመታዋል፣ ዳኛው ይነፋል፣ ሰውዬው እጁን አንሥቶ ጥፋቱን ይቀበላል። አጭሩ ሰው ክንዱን እያሻሸ ወደ ውርወራው መስመር ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሲያልፍ፦

«ይሄ እጅህ አይደክመውም እንዴ?» አለው።

«ኳሷን ስጠኝና ይረፍ» አለ ሰውዬው።

ሁለቱም ሳቁ። በመካከላቸው ቂም አልነበረም። አንዱ ሊያገባ፣ አንዱ ላያስገባ የመጡ ሁለት ጎበዞች ነበሩ፤ ሁለቱም ሥራቸውን ይወዱ ነበር።

ጨዋታው ወደ ማለቂያው ደረሰ። የሰውዬው ቡድን በአንድ ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቷል። ኳሱ ያለው በአጭሩ ሰው እጅ ነው፤ ሰዓቱም ይሄዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚመራው ቡድን ኳሱን ይዞ ሰዓቱን መጨረስ ይፈልጋል። ወደ ኋላ የቀረው ደግሞ ፋውል ሠርቶ ሰዓቱን ያስቆማል። ባለኳሱ ነጻ ውርወራውን ይወረውራል፤ ያገባም ይሆናል፣ ይስትም ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ኳሱን ለማግኘት ዕድል አለ። ይህንን ዘዴ በቅርጫት ኳስ የማያውቅ የለም፤ ማንም አያፍርበትም። ዋጋው የታወቀ ነው፤ የሚሠራውም ዋጋውን ሊከፍል ተስማምቶ ነው።

አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ «ያዘው! ያዘው!» ብሎ ጮኸ።

ሰውዬው ተጠጋ። አጭሩ ሰው ወደ ግራ የሚሄድ መስሎ ወደ ቀኝ ተፈተለከና አለፈው። ከፊቱ ባዶ ሜዳ፣ ከባዶው ሜዳ ማዶ ቅርጫቱ ብቻ ቀረ። ሰውዬው ከኋላ ከኋላው ሮጠ። ኳሱ ከአጭሩ ሰው ደረት ፊት ነው፤ ያን ያህል የረዘመ ክንድ እንኳ አይደርስበትም። የሚደረስበት ጀርባው ነበር። በሰውዬው ጆሮ ደግሞ «ያዘው» ከሚለው ቃል በቀር ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ያዘው። በአንድ እጁ ማሊያውን ጨመደደ፣ በሌላው ወገቡን አቀፈ፣ ወደ ኋላም ሳበው። አጭሩ ሰው በዚያች ቅጽበት ለማግባት ተነሥቶ አየር ላይ ነበር። እግሩ ከመሬት ለቋል፣ ዓይኑ ከቅርጫቱ ላይ ነው፣ ከኋላው ሰው መኖሩን እንኳ አላወቀም። ተጠምዝዞ ሲሚንቶው ላይ በክንዱ ወደቀ።

ሲጮኽ የነበረው ሰው ሁሉ ሊያየው አንገቱን ሰገገ።

ዳኛው ነፋና ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አመሳቀለ። ሰውዬው እንደ ወትሮው የተራ ፋውል ምልክት የሆነው አንድ ጡጫ ብቻ ይነሣል ብሎ ጠብቆ ነበርና ደነገጠ። ሮጦ ዳኛው ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ሰዓቱን ላስቆም ነው እኮ! ልጎዳው አስቤ አይደለም። በልቤ ምንም ክፋት የለም።»

«የልብ ዳኛ አይደለሁም» አለ ዳኛው። «እጅህን ነው ያየሁት። ኳሱ ወዴት ነበር፣ እጅህስ ወዴት ሄደ? አንተው ንገረኝ።»

ሰውዬው የገዛ እጁን አየ። አጭሩ ሰው ክንዱን በደረቱ ታቅፎ፣ ሁለት ጓደኞቹ ደግፈውት ወጣ። ነጻ ውርወራዎቹን ሌላ ጓደኛው ወረወረለት፤ ሁለቱም ገቡ። ኳሱም ተመልሶ ለእነሱው ተሰጠ። የሰውዬው ቡድን ኳሱን እጁ ሳያስገባ ተሸነፈ።

ሰውዬውን ከሽንፈቱ ይልቅ ያ የተመሳቀለ እጅ አሳዘነው። በግቢው ውስጥ ላገኘው ሁሉ «ታዝዤ ነው እኮ» ይላል። ጓደኞቹ «ልክ ነህ» ይሉታል። አሠልጣኙም «ዳኛው ነው ጉድ የሠራን፤ አንተ ምን አጠፋህ?» አለው። ሰው ሁሉ እንዳላጠፋ ነገረው፤ እሱ ግን እንቅልፍ አጣ። ያላጠፋ ሰው እንዲህ በየመንገዱ ምስክር አይሰበስብም።

በመጨረሻ ብርቱካን ገዛና አጭሩን ሰው ሊጠይቅ ወደዚያኛው ከተማ ሄደ። አጭሩ ሰው ክንዱ በጄሶ ታስሮ ከእናቱ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቱ እንግዳውን ተቀብለው አስቀመጡት፤ ማን እንደሆነ ሲነገራቸው ግን ቁመቱን ከእግሩ እስከ ራሱ ለክተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሰውዬው ከዚያ ዓይን የሚደበቅበት ቢያገኝ በወደደ።

«እግዜር ይማርህ» አለ። «ይቅርታ አድርግልኝ። የጨዋታ ነገር ነው፤ አሠልጣኙ ያዘው ብሎኝ ነው የያዝኩህ። ቀኑን ሙሉ ፋውል ስሠራብህ አልነበር? ያም ያው ነው ብዬ ነበር።»

አጭሩ ሰው ብርቱካኑን በደህናው እጁ ተቀበለ።

«አልተቀየምኩህም» አለ። «ግን ያው አይደለም። ቀኑን ሙሉ መታኸኝ፤ ክንዴ በልዞ ነበር። ከዚያ ውስጥ አንዱም አላመመኝም። ለምን ብትል፣ ስትመጣ አይሃለሁ። አይቼህ ወይ አመልጥሃለሁ፣ ወይ ሰውነቴን አጠንክሬ እቀበልሃለሁ። አንተም ትጫወታለህ፣ እኔም እጫወታለሁ። የመጨረሻዋን ግን አላየሁህም። እኔ እየተጫወትኩ ነበር፤ አንተ መጫወት ትተህ ነበር።»

ሰውዬው የአጭሩን ሰው እናት በበሩ በኩል ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። የሰማውን ነገር በጆሮው ይዞት ሄደ፤ ገና ወደ ልቡ አልወረደም ነበር።

ዓመቱ ዞረ። የአጭሩ ሰው አጥንት ገጠመ፣ ጄሶው ተፈታ። ሁለቱ ኮሌጆችም እንደገና ተገናኙ። ሰውዬው ከጨዋታው በፊት፣ ሁሉም ሰውነቱን ሲያሟሙቅ፣ አጭሩን ሰው በዓይኑ ፈለገው። ኳሷ እንደ ድሮው ከመዳፉ አትለይም። ደስ አለውና በሩቁ እጁን አነሣለት። አጭሩ ሰውም መለሰለት።

ጨዋታው ሲጀመር ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ። አጭሩ ሰው ተከላካዮቹን እንደ ልማዱ ያልፋል፣ ወደ ቅርጫቱም ብቻውን ይወጣል፤ እዚያ ሲደርስ ግን አንገቱን ወደ ኋላ ያዞራል። ያቺ ዞር ማለት እርምጃውን ትሰብረዋለች። ኳሱ ከቅርጫቱ ጠርዝ ጋር ይላተምና ይመለሳል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆነ፣ ደገመው፣ ሠለሰው። ኋላ ላይ ከኋላው ማንም ሳይኖር እንኳ ይዞር ጀመር። እሱን ለማየት የመጣው ሰው መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፣ በመጨረሻ ሳቀበት። «ጥላውን ይፈራል!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሜዳውን የከበበው ሰው ሁሉ ተቀበለው።

የሰውዬው ቡድን አግዳሚ ወንበር ላይ ደስታ ሆነ። በዕረፍት ጊዜ አሠልጣኙ ሰውዬውን ትከሻውን አቅፎ ወደ ዳር ወሰደው።

«አየኸው? አትንካው። ምንም ፋውል አያስፈልግም። ኮቴህን ብቻ አሰማው፤ ኮቴህ ይበቃዋል።»

ሰውዬው እንደታዘዘ አደረገ። አጭሩ ሰው ዳግመኛ ሲያመልጥ ከኋላው እግሩን ሲሚንቶው ላይ ደበደበ። አጭሩ ሰው ደንግጦ ዞረ፣ ኳሱም ከእጁ አፈትልኮ ከሜዳ ወጣ። የተሳቀው ሳቅ ልክ አልነበረውም። አጭሩ ሰው ከወደቀችው ኳስ ይልቅ ሰውዬውን ተመለከተው። በዓይኑ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ለሰውዬው ይቀለው ነበር። መንገድ ጠፍቶት አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ሰው ዓይን ነበር።

በረንዳው ላይ የሰማው ነገር ያን ጊዜ ከጆሮው ወደ ልቡ ወረደ። የሰበርኩት ክንድ ነው ብሎ ሲያስብ ኖሯል። ክንዱ ግን ድኗል። ያልዳነው ሌላ ነው። የዚያ ሰው ሩጫ ያን ያህል ያምር የነበረው ጀርባውን አምኖ ሰጥቶ ስለሚሮጥ ነበር፤ ከኋላዬ ያለውም ሰው እንደኔ ተጫዋች ነው ብሎ ስለሚያምን ነበር። አሁን ያ እምነት የለውም። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ኮቴውን አላሰማም። አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ እግሩን እየመታ ቢያሳየውም አላየሁም አለ።

ጨዋታው እንደገና ወደ ማለቂያው ደረሰ፤ እንደገናም የሰውዬው ቡድን በጥቂቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ኳሱ በአጭሩ ሰው እጅ ገባ።

«ያዘው!» አለ አሠልጣኙ።

ሰውዬው ገጠመው። አጭሩ ሰው በትከሻው አታልሎት አለፈ፤ ከፊቱ ባዶ ሜዳ ሆነ። ሮጠ። ሰውዬው ከኋላው ተከተለ። አጭሩ ሰው እንደ ፈራው ዞረ፤ ማን እንደሚከተለው አየ፤ እርምጃውም ከበደ። ማሊያው እየተርገበገበ የሰውዬውን ጣቶች ነካ። መጨበጥ ብቻ ነበር የቀረው።

ሰውዬው እጁን ሰበሰበ። ወደ ጎን ወጣና ያለ የሌለ ኃይሉን እግሩ ላይ አዋለው። በአጭሩ ሰው ጎን አለፈ፣ ቀደመው፣ ከቅርጫቱ ሥር ደርሶ ዞረ፣ ፊት ለፊቱም ቆመ።

«እዚህ ነኝ!» አለው። «ና!»

አጭሩ ሰው አየው። ከኋላው የነበረው ፍርሃት ፊቱ መጥቶ ቆሟል፤ ፊት ለፊት ሲያዩት ደግሞ የሚያውቀው ሰው ነው። ተነሣ። ሰውዬውም አብሮት ተነሣ። እጁን ወደ ኳሱ ሰደደ፤ ግማሹ ኳሱን፣ ግማሹ የእጁን አንጓ መታ። ፊሽካው ጮኸ። ዳኛው አንድ ጡጫውን ወደ ሰማይ አነሣ፤ የተመሳቀለ እጅ አልነበረም። ሰውዬው ሳይጠየቅ እጁን አንሥቶ ጥፋቱን ተቀበለ። በሕይወቱ እንደዚያች ፋውል ደስ ያለችው ነገር ጥቂት ነው።

አጭሩ ሰው ወደ መስመሩ ሄዶ ወረወረ። አንዱን አገባ፣ አንዱን ሳተ። የሳተውን ኳስ የሰውዬው ጓደኞች ያዙት፤ ሜዳውን በሩጫ አቋርጠው፣ ሰዓቱ ሲያልቅ፣ አገቡት። እኩል ሆኑ። ዘዴው ሠራ ማለት ነው፤ ፋውሉ የሚጠበቅበትን ሁሉ አደረገ። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ።

እንግዲህ ሰውዬው አሸነፈ ብለሽ እንዳትጠብቂ። በተጨማሪው ሰዓት አጭሩ ሰው ኳሱን ይዞ ሲነሣ አንገቱ አልዞረም። ቀና ብሎ፣ ዓይኑን ከቅርጫቱ ሳይነቅል፣ እንደ ድሮው በረረ። የሳቀበት ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበለት። ሰውዬው ምላሱ ወጥቶ ተከተለው፤ አንዴም አልደረሰበትም። የሰውዬው ቡድን ክፉኛ ተሸነፈ።

አሠልጣኙ ጨዋታው እንዳለቀ ሰውዬው ላይ ጮኸበት። «በገዛ እጅህ! ሰውየው በቁሙ ሞቶልን ነበር፤ አንተ ነህ ያስነሣኸው! ኮቴህ ይበቃን ነበር እኮ!»

ሰውዬው ላቡን በማሊያው ጠረገ።

«አሠልጣኝ» አለ፣ «የዛሬ ዓመት ልናሸንፈው የተነሣነው ይህንን ሰው ነበር። ዛሬ ገና ከእሱ ጋር ተጫወትን። በሚቀጥለው እናሸንፈዋለን።»

አሠልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። በአውቶቡሱ ውስጥም ከፊት ወንበር ብቻውን ተቀመጠ። ሰውዬው ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ የደከመ እግሩን ዘርግቶ፣ እንደ ተሸነፈ ሰው ሳይሆን ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ሰው መስኮቱን ከፍቶ ነፋስ ይቀበል ነበር። በሳምንቱ ልምምድ ሲጀመር አሠልጣኙ ተጫዋቾቹን ሁሉ አሰለፈና ኳስ ይዞ አምልጦ የሚሮጥ ሰው ከጎን እንዴት እንደሚቀደም፣ እንዴት ዞረው ፊት ለፊቱ እንደሚቆሙ ያስተምራቸው ጀመር። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ ሰውዬውንም አላመሰገነውም። ብቻ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሜዳ «ያዘው» የሚል ጩኸት ቀረ። «ቅደመው» ሆነ።

ጋሽ መርዕድ እዚህ ላይ ቆሙና ወደ ትርሲት ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ እንዲሁ ነው። ሆን ተብሎ ነው ወይስ በስሕተት ነው ብለሽ ከሄድሽ መልሱን አታገኚውም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የሚሠራ ፋውል ሁሉ ሆን ተብሎ ነው፤ ሜዳውን የከበበው ሰው ያውቃል፣ ዳኛውም ያውቃል። ሕጉ አስበሽበት ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅሽም። የሚጠይቅሽ እየተጫወትሽ ነበር ወይ ብሎ ነው። ወደ ኳሱ ስትሄጂ ስተሽ ክንዷን ብትመቺ፣ ያ ጨዋታ ውስጥ የተሠራ ጥፋት ነው፤ ዋጋው ውርወራ ነው፣ ከፍለሽ ትቀጥያለሽ። ኳሱን ትተሽ ከኋላዋ ስትይዣት ግን አንቺ ከጨዋታው ወጥተሻል፤ እሷ ገና እየተጫወተች ነው። ውርወራውን ከሰጣት በኋላ ኳሱንም የሚመልስላት ለዚህ ነው። በጨዋታ አልተወሰደባትም፤ ስለዚህ የእሷው ነው። ያ የተመሳቀለ እጅ ክፉ ልብ አለሽ አላለሽም። አንቺም ክፉ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ፤ ያ ረጅም ሰውም ክፉ አልነበረም። ያስቀመጥኩሽም ለመቅጣት አይደለም፤ ልጅቷ ከዚያ በኋላ ለማግባት ስትነሣ ወደ ኋላዋ ዞር ማለት መጀመሯን ከዚያ ሆነሽ እንድታዪ ብዬ ነው። አይተሻል?»

«አይቻለሁ» አለች ትርሲት ቀስ ብላ።

«እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ፋውል ሥሩ ብዬ ስጮህ፣ ቅደሚያት፣ ፊቷ ቁሚ፣ ኳሱን ፈልጊ ማለቴ ነው።»

ትርሲት ማሊያዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አስተካከለች። ከዚያ ጠየቀች።

«ካልደረስኩባትስ ጋሼ?»

«ካልደረስሽባት ታግባ» አሉ ጋሽ መርዕድ፣ ኳሶቹን አንሥተው እየተነሡ። «ሮጣ ቀድማሻለች፤ የሮጠችበትን ታግኝ። ካገባች በኋላ ደግሞ ኳሱ የማን ነው? የእኛ ነው። ከቅርጫታችን ሥር አንሥተን እንጀምራለን።»